ጌጤ የመለሰችው ቀሚስ

ጉለሌ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1971 ዓ.ም.

መለሰችው! አፀድዬ፣ ቀሚሱን አልለብስም ብላ መለሰችው! ሮዙን ቀሚስ ከነዳንቴሉ... ቆይ፣ ከነዳንቴሉስ አይደለም፣ እሱን እደርስበታለሁ። ብቻ ልጄ እምቢ አለችኝ! እሰይ! እምቢ ያለ ሰው ደግሞ አለ ማለት ነው!

እሺ፣ አሁን ሰላምታ። ውድ እህቴ አፀደ፣ ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? የድሬዳዋ ሙቀት ለቀቅ አላደረጋችሁም? ባለቤትሽ ስለሺስ? ልጆቹስ? እዚህ እኔም ደቻሳም ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ ከእንጦጦ ላይ እየተንከባለለ እየመጣ ሰፈራችንን ጭቃ አድርጎታል። ሰላምታዬን ወደ ኋላ በማስቀረቴ አትታዘቢኝ። እናታችን ብትኖር «ደብዳቤ ሳያንኳኳ ይገባል እንዴ?» ብላ እንደገና ታስጽፈኝ ነበር፤ ዛሬ ግን እሷም ብትሆን የምትምረኝ ይመስለኛል።

ይህንን የሚያመጣልሽ መሸሻ ስለሆነ እንደ ልቤ ነው የምጽፈው። የጭነት መኪናውን ሞተር አስነስቶ በር ላይ እየጠበቀኝ «እትዬ ደሳለች፣ እኔ እያለሁ ፖስታ ቤት ምን ያደርግልዎታል? ማኅተም የለኝም እንጂ ፖስታ ቤት ማለት እኔ ነኝ» ይለኛል። እውነቱን ነው። እሱ የያዘውን ደብዳቤ ማንም ከፍቶ አያነብም።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው፤ ልብስ ማስገባት ፈቅደዋል። እስከ ዛሬ በየደብዳቤው ቆራርጬ ስነግርሽ ስለኖርኩ አሁን ከሥሩ ላስረዳሽ። ጌጤ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ተወስዳ ያ እስር ቤት ግቢ ከገባች ዓመት አለፋት፤ አንድም ቀን ዓይኗን አላየሁም። የምንገናኘው በልብስ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ንጹሑን በር ላይ አስረክባለሁ፣ ያደፈውን ይሰጡኛል። ሰው የልጁን እድፍ እያሸተተ እግዚአብሔርን ያመሰግናል ብትይኝ ድሮ እስቅብሽ ነበር። ከግንቦት ወዲህ ግን መግባት እንጂ መውጣት ቀረ። ስንቁን በጋራ ስለሚበሉት ባዶ ተመልሶ የሚመጣው ሳህን የማንንም ወሬ አይነግርሽም። «ልጄ አለች ወይ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ክልክል ነው፤ የጠየቀች ከሰልፉ ትወጣለች፣ ስንቋም አይገባም።

ሐምሌ ሲገባ ታዲያ «ለዘመን መለወጫ ለአንድ እስረኛ አንድ የበዓል ልብስ ይገባል» ተባለ። ካኪ አይሆንም፣ ጥቁር አይሆንም፣ ሱሪ ለሴት አይሆንም፣ ቀበቶና ማሰሪያ ያለው አይሆንም። አንድ ብቻ! እኔም ደስታ አቅሌን አሳተኝና የጎረቤታችን ልጅ ሚዜ ሆና የለበሰችውን ሮዝ ቀሚስ በርካሽ አንስቼ፣ እጥብ አድርጌ፣ ተኩሼ አስገባሁላት። በአንገቱ ዙሪያ ዳንቴል አለው፣ እጅጌው እንደ ፊኛ የተነፋ ነው። ለማየት እኮ ያምራል!

ጌጤን ግን ታውቂያታለሽ። ዘጠነኛ ክፍል ሆና የአባቷን የተሰበረ ጃንጥላ ጨርቁን ገፍፋ ጉርድ ቀሚስ ሰፍታ፣ ለፍልሰታ እንጦጦ ማርያም ያስቀደሰች ልጅ ናት። ዝናቡ ሲወርድ እኛ ሁላችን በስብሰን እሷ ከወገቧ በታች ደርቃ ነው የተመለሰችው። ለገና የጥበብ ቀሚስ ብገዛላት ጥበቡን ቆርጣ ለብቻው አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ስቆጣት «እማዬ፣ ሁሉም የለበሰውን ከለበስኩማ እኔን በምን ትለዪኛለሽ?» ትለኛለች። ስንት ዘመን ተጨቃጨቅን መሰለሽ!

ትናንት ቅዳሜ ነው። ተሰልፈን ሳለ ዘበኛው ወጥቶ «የጌጤ ደቻሳ ቤተሰብ» አለ። ቀረብኩ። ሮዙን ቀሚስ አጣጥፎ እጄ ላይ አኖረው። «ከውስጥ መጣ፤ ውሰጂ» አለ፣ ሌላ ቃል የለም። አፀደ፣ ንጹሕ ልብስ ታጥፎ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ሰልፍ ላይ የማያውቅ የለም። አምና ከፊቴ ትሰለፍ ለነበረች እናት የልጇን መርዶ የነገሯት እንዲሁ ነው፤ ሸሚዙን አጣጥፈው ሰጧት። ጭቃው ላይ ዝርፍጥ አልኩ። ከኋላዬ ያሉት ማልቀስ ጀመሩ።

ወይዘሮ ዓለሜ የምትባል አለች፤ ልጇ ዓለምፀሐይ ከጌጤ ጋር አንድ ክፍል የታሰረችባት፣ እንጨት ነጋዴ፣ ድምጿ ከዚህ እስከ ሽሮ ሜዳ የሚሰማ። ቀሚሱን ከእጄ መንጭቃ ዘረጋችው።

«ቆይ እስቲ! አንቺ ደሳለች፣ ተነሽ ከጭቃው! ዳንቴሉ የታለ?»

«እ?»

«ዳንቴሉ! አንገቱ ላይ የነበረው!»

አየሁ። የለም። አልተቀደደም፣ አልተቆረጠም፤ ስፌቱ በማበጠሪያ ጥርስ ይሁን በምን አንድ በአንድ ተተርትሮ፣ ዳንቴሉ ተጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል። የተነፋው እጅጌ ደግሞ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ከጋቢ በተመዘዘ ክር ሻጥ ሻጥ ተደርጓል፤ እዚህ ጋ ቁረጡልኝ ማለት ነው።

ዓለሜ ምን አለች መሰለሽ? «የሞተ ሰው ደግሞ እጅጌ ያሳጥራል?»

እዚያው ጭቃው ላይ ሳቅ ያዘን። ዘበኛው ተመልሶ መጣና «ምን ያስቃል?» ብሎ ተቆጣ። «ልጄ ባለጌ ናት» አልኩት። «እና?» አለኝ። «እናማ እግዚአብሔር ይመስገን!»

በይ እንግዲህ፣ ቀሚሱ ስለተመለሰ ተራዋ አልተቃጠለም፤ ሮዙን ባስተካክለውም ልቧ አይወደውም፣ ሌላ ማስገባት እችላለሁ። ድሬዳዋ ገበያ ውጪና ርካሽ ሆኖ ርካሽ የማይመስል፣ አበባ የሌለው፣ የማይጮህ ጨርቅ ፈልጊልኝ። እሷ የምትወደውን እኔ ባልወደውም ግድ የለም። ሳሚልኝ ልጆቹን፤ መሸሻ ጥሩንባውን እያስጮኸብኝ ነው።

እህትሽ ደሳለች


ጉለሌ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1971 ዓ.ም.

አፀደ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ተናድጄ ቀደድኩት። ከዚያ ደግሞ መሬት ላይ ተንበርክኬ ገጣጥሜ አነበብኩት። ሰላም ነሽ ወይ? እኔ ሰላም አይደለሁም፤ ግን ይቅር ብዬሻለሁ። ክፉ አስበሽ እንዳልጻፍሽው አውቃለሁ።

አዎ፣ ያልሽው ሊሆን ይችላል። አንዷ ስትወሰድ ልብሷ ለቀሪዎቹ እንደሚከፋፈል እኔም ሰምቻለሁ። በጌጤ ስም የገባውን ቀሚስ ሌላዋ ለብሳው፣ ሰፍቷት፣ ለራሷ ልክ ልታስተካክለው ፈልጋ ይሆናል። በዚያ ግቢ ዳንቴል የምትጠላ ሴት የኔ ልጅ ብቻ አይደለችም። ይህን ሁሉ አንቺ ሳትጽፊው በፊት ማን እንደነገረኝ ልንገርሽ? ደቻሳ። ባለፈው ሳልጽፍልሽ ያስቀረሁት ነገር እሱ ነው። ቀሚሱን ይዤ እየሮጥኩ ገብቼ ዳንቴሉን ከኪሱ አውጥቼ ሳሳየው፣ «መተርተር ማንም ይችላል» አለኝና ወጣ። እዚያ እንጨት መፍለጫው ጉቶ ላይ ዝናብ እስኪመታው ተቀመጠ። እሱ የእስር ቤቱ በር ላይ ቀርቦ አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ፣ ያ ማተሚያ ቤት፣ «እስረኛ ስትጠይቅ ከታየህ ወንበርህን እርሳው» ብሎታል፤ የምንበላው ደግሞ ከዚያ ወንበር ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በዚያ ግቢ በኩል ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነው ሥራ የሚገባው። እኔ ቅዳሜ ስመለስ ፊቴን ያያል፣ ምንም አይጠይቀኝም።

እንግዲህ እንዲህ ተይዘን ነው ያለነው። እሷ ግንብ ውስጥ፣ እኛ ደግሞ ከግንቡ ውጭ።

ግን እኔ ዝም ብዬ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም፤ አንድ ነገር አስቤያለሁ። በቀበሌያችን ሱቅ ለበዓሉ ጨርቅ መጥቷል፣ ለየቤቱ አንድ አንድ ቀሚስ የሚወጣ፣ በካርድ። አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ሰማያዊ ሆኖ የድስት ክዳን የሚያህል ቢጫ አበባ አለበት። ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ነው፣ ዘንድሮ የሰፈሩ ሴት በሙሉ ይህንኑ ትለብሳለች። አዲሱ ገበያ ሙዘይን ጋ ወሰድኩት፤ ያንን ልብስ ሰፊ ታስታውሺዋለሽ፣ አፉ ላይ መርፌ ይዞ የሚያወራውን።

«ለእርስዎ ነው አይደል? ልክ መውሰድ ትቻለሁ እትዬ» አለኝ። «አንዷን ለክቼ ለሁሉም እየሰፋሁ ነው። ዘንድሮ ጉለሌ አንድ ሰው ሆናለች።»

«የለም፣ ለጌጤ ነው።»

«ለየትኛዋ ጌጤ?»

«ለኔዋ።»

መርፌውን ከአፉ አወጣ። «ተጣልታችኋል እንዴ?»

ለምን እንደመረጥኩት ልንገርሽ። ጌጤ አበባ ያለበት ጨርቅ ከእጇ ሲገባ ሁልጊዜ ገልብጣ በውስጠኛው በኩል ነበር የምትሰፋው። «በፊት ለፊቱ ይጮሃል፣ በጀርባው ግን ያንሾካሹካል» ትለኝ ነበር። ከእሷ በቀር እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሙዘይንም በሃያ ዓመት ሥራው አላየም። ስለዚህ ይህ ቀሚስ ከገባ፣ ወይ ትመልስልኛለች፣ ወይ ገልብጣ ሰፍታው ወሬው በአንዱ በኩል ይደርሰኛል። ሌላ ልጅ ከሆነች ግን ደስ ብሏት ትለብሰዋለች፣ ምን ጎድሎት! ይኸው ነው። ነገ ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ።

ሞኝነት ነው ትይኛለሽ። በይ። አንቺን ከምሰማ ከዚያ ቀሚስ ብሰማ ይሻለኛል።

ደሳለች


ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1971 ዓ.ም.

እትዬ ደሳለችዬ፣

እጅሽን ስሜ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ያ ደብዳቤ እንደተቀደደ በቀረ ይሻል ነበር። ለምን እንደጻፍኩት ግን ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ ክፉ እህት ሆኜ ልቀር ነው።

ጎረቤቴን ዓሊማን ባለፈው መጥተሽ ሳለ አይተሻታል፤ ያቺ ሳምቡሳ የላከችልሽ። የታሰረ ልጅ ነበራት። ሸሚዙን በየሳምንቱ እያጠበች ስትልክ፣ ያደፈውን ስትቀበል ከረመች። እድፉ ይመጣል፣ ስለዚህ ልጇ አለ። ኋላ አንድ የማታውቀው ልጅ ተፈትቶ መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። ሸሚዙን ይለብስ የነበረው እሱ ነው። ልጇ ከሞተ ቆይቷል። «እማማ፣ ሸሚዙ መውጣቱን ቢያቆም እርስዎ መሞቱን ያውቃሉ ብዬ ፈራሁ፣ ብለብሰው ደግሞ ለእርስዎ ውሸት ሆነ» አላት። እናት የሌለው ልጅ ነው። አሁን እዚያው እሷ ጋ ነው የሚኖረው፤ ታጥብለታለች። ይህንን እያየሁ የአንቺን ደስታ ሳነብ ብዕር አነሳሁ፤ በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ስለ ስለሺ ጠይቀሽኛል። ደህና ነው። ግንባር ያለ ሰው ደህና ነው ከተባለ ደህና ነው። ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን፤ በዚህ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ትንሹ ጥርስ አብቅሏል።

አሁን ደግሞ ልቆጣሽ። ቀሚሱን ገና ካላስገባሽው ተይው። «ለአንድ እስረኛ አንድ ልብስ» ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺው አይደለሽም? ጌጤ ካለች፣ እግዜር ያውቃል አለች፣ የበዓል ቀን ያንን የድስት ክዳን ለብሳ እንድትወጣ ልትፈርጂባት ነው? ልጅሽን ለመፈለግ ብለሽ ልጅሽን አታናድጃት።

ጨርቅ አግኝቻለሁ። የወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ አበባ የለው፣ መስመር የለው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ሞቅ ይላል። ልባሽ ጨርቅ ከሚሸጥበት ቦታ ከመጋረጃ ክምር ሥር ነው ያወጣሁት። ሻጩ መጋረጃ ነው ብሎ በመጋረጃ ዋጋ ሰጠኝ፤ እኔም ስንት መስኮት አለሽ ሲለኝ አንድ አልኩት። መሸሻ ኬላ ላይ እንዳይወሰድበት ከመቀመጫው ሥር አንጥፎ ተቀምጦበት ነው የሚመጣው፤ ቢጨማደድ በእሱ አትፍረጂ።

ለበዓሉ ልመጣ ብዬ የመንገድ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ቀበሌው «ተመልሰሽ ነይ» ብሎኛል። ሄድኩ፣ አሁንም «ተመልሰሽ ነይ» አሉኝ።

እስክንተያይ በደህና ቆዪኝ።

ታናሽሽ አፀደ


ጉለሌ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

አፀድዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ፍልሰታን በደህና ፈታችሁ? እኔ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ አስቀደስኩ፤ ቁልቁል ስመለስ እግሬ አልታዘዝ አለኝ እንጂ ደህና ነኝ።

ያንቺ ደብዳቤ ሲደርስ ቀሚሱ ገብቶ ነበር። ዘበኛው ገልብጦ ፈተሸው፣ «ጥሩ ነው፣ የወግ ልብስ ነው፣ እንዲህ ነው እንጂ» አለኝ። እሱ ሲያመሰግነው ያኔ ነው መሳሳቴን የጠረጠርኩት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ቅዳሜ አለፈ። አልተመለሰም። የሌሎች ስም ተጠራ፣ የእሷ አልተጠራም። አልመለሰችውም ማለት ተቀበለችው ማለት ነው? ጌጤ ያንን ልብስ ዝም ብላ ተቀበለች? እንግዲያው ወይ እሷ አይደለችም፣ ወይ እሷ ናት፣ ግን እምቢ ማለት ያስተዋት ነገር አለ። የትኛው እንደሚሻል ልንገርሽ ብል አልችልም። ድሮ እምቢ ስትለኝ ሰፈሩ እስኪሰማ እጮህባት ነበር፤ አሁን አንድ ጊዜ እምቢ ብትለኝ ምን ነበረበት?

ያልሽው ሁሉ ደረሰ። ጨርቅሽ መጥቷል፤ እንዴት ያለ ጨርቅ ነው አፀደ! ጌጤ ብታየው ተሸፋፍና ነው የምትተኛው። ለዘበኛው «ይህን ለውጬ ባስገባስ?» ብለው «ተራሽ አልቋል፣ አንድ ተብሏል አንድ» አለኝ። በራሴ እጅ ነው ያቃጠልኩት። ሌላ እናት ቢሆን ሰው ሁሉ የሚያምረውን መርጣ ትሳሳታለች። እኔ ልጄ የምትጠላውን ከዚህ ሁሉ ዘመን ጭቅጭቅ በኋላ ለይቼ አውቄ፣ መርጬ ላኩላት!

ደቻሳ ጨርቁን ከእጄ ተቀብሎ አልጋዋ ላይ ዘረጋው። እስካሁን እዚያው ነው። ማታ ማታ ገብቶ ጥጉን ያስተካክላል።

ዓለሜ ብቻ ናት የምታጽናናኝ። «አንቺ የቀበሌውን ጨርቅ የጠላሽ እንደሆነ ለኔ በሰጠሽኝ» ትለኛለች። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ አታልቅሺ፣ እኔም አላለቀስኩም።

ደሳለች


ጉለሌ፣ ነሐሴ 27 ቀን 1971 ዓ.ም.

ቆራረጠችው! አፀደ፣ ቀሚሱን ብጥስጥሱን አውጥታ ለክፍሉ ሁሉ አለበሰችው! አለች! ጌጤ አለች!

ሰላምታው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለልጆችሽ፣ ሰላም ለዓሊማና ለዚያ ልጇ። ስለሺን አልጠይቅሽም፤ ስትመጪ ትነግሪኛለሽ። ፊደሌ ቢንጋደድብሽ ቀለሙ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ትናንት ቅዳሜ በሩ ላይ ስንደርስ «የበዓል ልብስ ታጥቦና ተተኩሶ በሚመጣው ቅዳሜ ይመለሳል፤ አሁን ውሰዱ» አሉን። ከግንቦት ወዲህ መውጣት ሲፈቀድ የመጀመሪያችን ነው! ስም እየጠሩ ጥቅልል ጥቅልሉን ይሰጡ ጀመር። ዓለሜ ተጠራች። እዚያው አጥሩ ሥር ተቀምጣ ስትፈታ ልጇ ዓለምፀሐይ ቡናማ ቀሚሷን ልካለች፤ አንገቱ ላይ ግን ቀድሞ ያልነበረ ሰፊ ኮሌታ ዞሮበታል።

«ደሳለች፣ ነይማ እዪው» አለችኝ። «ይህ የቀበሌያችን ጨርቅ አይመስልም? ምን ሆኖ ነው እንዲህ የደበዘዘው? በሳሙና እጦት ነው?»

ያዝኩት። ገለጥኩት። ከሥሩ ያ የድስት ክዳን አበባ ደምቆ ተቀምጧል!

«አልደበዘዘም» አልኳት። «ተገልብጦ ነው።»

«ማን ገለበጠው?»

ከኔ ልጅ ሌላ ማን ይገለብጣል አፀደ! ከዚያ ደግሞ ከፊት ያለችው እናት ጮኸች፦ ለልጇ ሻሽ። ከወዲያ ማዶ ያለችው ደግሞ እጅጌ ላይ የታጠፈ ጌጥ። አንዷማ የልጇ ያረጀ ጉርድ ከሥሩ በአራት ጣት ሲረዝምላት አገኘች። ሁሉም ተገልብጧል፤ ቢጫው አበባ እንደ ጭጋግ ሆኖ ከውስጥ ይታያል፣ ያምራል እኮ! እኔ የማላውቀው ውበት ነው። የአንዱም ስፌት ከሌላው አይመሳሰልም። ለዓለምፀሐይ ኮሌታውን ሰፋ አድርጋ፣ ትከሻዋ ጠባብ ስለሆነ፤ ለዚያች ደግሞ ሻሹን ጠበብ። ሙዘይን ዘንድሮ ልክ መውሰድ ተውኩ አላለኝም? እሷ እዚያ ሆና የእያንዳንዷን ልክ ወስዳለች።

የኔ ስም የተጠራው በመጨረሻ ነው። የሰጡኝ የትምህርት ቤት ሹራቧን ብቻ ነው፤ ያው በተያዘች ቀን የለበሰችው። ክርኑ አልቆ ኖሮ በዚያው ጨርቅ፣ በዚያው በግልባጩ ለጥፋበታለች። ለራሷ ያስቀረችው እሱን ብቻ ነው። ሌላውን በሙሉ አድላዋለች። ዓለሜ ከፍ አድርጋ ይዛው ለሰልፉ ሁሉ አሳየችው፣ «የደሳለች ልጅ ናት! ያቺ ባለጌዋ!» ብላ። ሰልፉ በሙሉ ባለጌ ልጄን መረቀልኝ።

ዘበኛው ሊቆጣን መጥቶ ጨርቁን አየ። «ይህ አንድ ልብስ ነበር» አለ፣ እጁ ላይ ያለውን ወረቀት እያገላበጠ። «አንድ ነው» አለችው ዓለሜ፣ «ቆጥረህ አንድ አስገብተህ የለ?» ራሱን አከከና ወንበር ላይ ወጥቶ ማስታወቂያውን አነበበልን፤ እሱን አሁን እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ ደቻሳን ልጨርስ።

ሹራቡን ሰጠሁት። የክርኑን ስፌት በአውራ ጣቱ ሲዳስስ ቆየ። «ክሩን ከየት አመጣችው?» አለኝ። «ከጋቢ ነው የመዘዘችው።» «ጋቢው የኔ ነው» አለ። አምና በብርዱ ጊዜ የላከላት ነው። ከዚያ አፍንጫውን ውስጡ ቀበረ፤ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ፣ ሲያለቅስ መታየት አይወድም።

ቆይቶ «እኔም እመጣለሁ» አለ።

«ሥራህስ?»

«ሥራዬ ማተሚያ ቤት ነው፣ የትም አይሄድም። የሚሄድ ከሆነም ይሂድ።»

ከዚያ ያንን አሮጌ ካፖርቱን አውርዶ፣ ያንን ቁልፉ ሁለት ዓይነት የሆነውን፣ ለብሶ መስተዋት ፊት ቆመ። «ደሳለች፣ ይህን ለብሼ ብታየኝ ትስቅብኝ ይሆን?»

«ትስቅብሃለች።»

«እንግዲያው እሱን ነው የምለብሰው።»

ያንቺ የወይን ጠጅ ጨርቅ ግን ወደ ውስጥ አይገባም፤ ትናንትም ጠይቄ ነበር፣ አንድ ተብሏል አንድ። እኔም ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩና ጠዋት አንስቼው ሙዘይን ጋ ሄድኩ። «ለኔ ስፋልኝ፤ ዳንቴል የለ፣ የተነፋ እጅጌ የለ፣ ጌጤ ብትሆን እንደምታዝህ» አልኩት። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣለና «ይኸው ልክ የሚወሰድለት ሰው አገኘሁ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ሃምሳ ሊሞላኝ ምን ቀረኝ? ሰፈሩ አበደች ይለኛል፤ ይበል። እሷ መልበስ ካልቻለች እኔ እለብሰዋለሁ፣ እሷ ታየዋለች።

ምክንያቱም ማስታወቂያው ይህ ነው፦ በዘመን መለወጫ ጠዋት እስረኞቹን ሜዳው ላይ ያወጧቸዋል። ቤተሰብ ከገመዱ ወዲህ ቆሞ ያያቸዋል፣ እነሱም ያዩናል። ይፈታሉ አላሉም፤ ስለ መፍታት ማንም አፉን አልከፈተም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስም መጥራት ክልክል ነው፣ ማልቀስ ክልክል ነው፣ እጅ ማውለብለብ ክልክል ነው፣ እልልታ በፍጹም። መልበስ ግን አልከለከሉም! ስለዚህ እንለብሳለን።

የመንገድ ፈቃድ ከሰጡሽ ሰጡሽ፤ ካልሰጡሽ መሸሻ ጨርቁን ያስቀመጠበት ቦታ ሰውም ይይዛል ይልሻል፣ እኔ ምንም አላልኩም። ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ዓሊማንም ከነልጇ ጥሪልኝ፣ ሹራብ ይልበስ በያት፣ እዚህ ብርድ ነው። ሙዘይንም ሱቁን ዘግቶ እመጣለሁ ብሏል። ዕለቱ ጾም ስለሆነ ዶሮው ሐሙስ ይደርሳል፤ ሽሮው ግን እንደ ዶሮ ሆኖ ይሠራል፣ ለእኔ ተዪው። ጳጉሜም ዘንድሮ ስድስት ናት፣ አንድ ቀን ትዘገይብናለች፤ ምን እናድርግ፣ እሷንም እንጠብቃታለን።

ሁላችሁም፣ አንድ ሰው ሳይቀር፣ ያላችሁን ለብሳችሁ፣ ከገመዱ ወዲህ፣ ረቡዕ መስከረም 1 ቀን 1972፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።